ናልባንዲያን፦ ከፈረስ ሰኮና ሥር የወጣ የቤተሰብ ስም

ከ1923ቱ የዘውድ በዓል ጀምሮ እስከ አብዮቱ ድረስ ኢትዮጵያውያን ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ቀጥ ብለው ቆመው ሲሰሙት የኖሩት ብሔራዊ መዝሙር ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው፤ ዜማው ደግሞ የኬቮርክ ናልባንዲያን። አርመኖች ዛሬ የሚዘምሩት ብሔራዊ መዝሙር የተቀዳው ከአንድ ባለቅኔ ግጥም ሲሆን፣ ባለቅኔው ሚካኤል ናልባንዲያን ይባላል። ሁለቱ ሰዎች አልተያዩም። ሚካኤል የሞተው ኬቮርክ ከመወለዱ 21 ዓመት አስቀድሞ ነው። አንዱ የተወለደው ከጥቁር ባሕር በስተሰሜን፣ ሌላው ከጥቁር ባሕር በስተደቡብ ነው። የሚያገናኛቸው ከአርመንነታቸው ሌላ ስማቸው ብቻ ነው፤ ስሙም የመጣው ከፈረስ ሰኮና ሥር ነው።

ስሙን ፈታ አድርገን እንየው። «ናል» በዐረብኛ የእግር መጫሚያ ነው፤ ለሰው ሲሆን ነጠላ ጫማ፣ ለፈረስ ሲሆን ከሰኮናው ሥር የሚመታው ብረት። «ባንድ» ፋርስኛ ነው፤ ማሰር ከሚለው ግስ ይወጣል። ፋርሶች ሁለቱን አጋጥመው ፈረስ የሚያጫማውን ባለሙያ «ናልባንድ» አሉት፤ ቱርኮችም ቃሉን ተቀብለው «ናልባንት» አሉ። መጨረሻ ላይ አርመኖች «ያን» የሚለውን የራሳቸውን ጭራ ቀጠሉበት። ይህ ጭራ እኛ «እነ እገሌ ቤት» እንደምንለው ያለ ነገር ነው፤ ወገንን፣ ቤተሰብን ያመለክታል። ስለዚህ ናልባንዲያን ማለት «የፈረስ አጫሚው ቤት» ማለት ነው። ዐረብ፣ ፋርስና አርመን እያንዳንዳቸው አንድ ክፍል ያዋጡበት ስም ነው።

አነባበቡም እንደ አገሩ ይለያያል። በየሬቫን አርመኖች አፍ «ናልባንድያን» ነው። ከኦቶማን ግዛት የወጡት ምዕራባውያን አርመኖች ግን «በ»ን ወደ «ፐ»፣ «ደ»ን ወደ «ተ» ስለሚያስጠጉ «ናልፓንትያን» ይላሉ። አንድ ቤተሰብ በፈረንሳይ፣ በሩሲያና በአርጀንቲና መዝገቦች በሦስት ዓይነት ፊደል ተጽፎ ቢገኝ አያስደንቅም።

በእኛ ገጠር ፈረስ በባዶ ሰኮናው ስለሚሄድ ሙያው ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው። የፈረስ ሰኮና እንደ ሰው ጥፍር ያለ ነገር ነው። በወር ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል፤ የውጭው ግድግዳ ስሜት የለውም። በድንጋያማ መንገድ ላይ ጭነት ተሸክሞ ቀን ከቀን የሚጓዝ እንስሳ ግን ሰኮናው ከሚያድገው በላይ ይበላል፤ ያኔ ያነክሳል፣ ጭነቱም መንገድ ላይ ይቀራል። ናልባንዱ እግሩን አንሥቶ በጉልበቱ ላይ ያሳርፋል፣ አሮጌውን ብረት በጉጠት ይነቅላል፣ የተረፈውን ሰኮና ቆርጦ ያስተካክላል፣ አዲሱን ብረት በልኩ ቀጥቅጦ ይመታል። ጥበቡ ያለው ሚስማሩ ላይ ነው። ሚስማሩ ወደ ውጭ አዘንብሎ በደረቁ ግድግዳ ውስጥ ማለፍና በጎን ብቅ ማለት አለበት፤ ጫፉ ቆልመም ተደርጎ ይቀጠቀጣል። ጥቂት ወደ ውስጥ ከሳተ ሕይወት ያለውን ሥጋ ይወጋል። ያ ሰው በመዶሻው ድምፅና በእጁ ስሜት ብቻ ነው ልዩነቱን የሚያውቀው። በየስድስት እስከ ስምንት ሳምንቱ ሁሉም ነገር እንደገና ይደገማል።

በምሥራቁ ዓለም ብረቱ አውሮፓውያን እንደሚያውቁት ቅስት ብቻ አልነበረም። መካከሉ ላይ ቀዳዳ ያለው፣ የሰኮናውን ሥር ከሞላ ጎደል የሚሸፍን ስስ ሳህን ነበር፤ ለጠጠራም መንገድ የታሰበ ነው። በሬም ይጫማ ነበር፤ ሰኮናው ስንጥቅ ስለሆነ ለእያንዳንዱ እግር ሁለት ሁለት ብረት ያስፈልገዋል። ሐኪም በሌለበት መንደር የታመመ ከብት የሚመጣውም ወደዚሁ ሰው ነው። ከጥራብዞን ወደብ ተነሥቶ በኤርዙሩም አድርጎ እስከ ታብሪዝ የሚዘልቀው የቅፍለት መንገድ ያለ ናልባንድ አንድ ሳምንት አይቆምም ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም።

የስሙ ሥርጭት ምሥጢርም እዚሁ ላይ ነው። ናልባንዲያኖች ሁሉ ከአንድ አያት የተወለዱ አይደሉም። በቅሎ በሚያድርበት በየከተማው አንድ ፈረስ አጫሚ ነበረ፤ የቤተሰብ ስም በመንግሥት መዝገብ እየጸና ሲሄድ፣ በአብዛኛው በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ልጆቹ በሥራው ተጠሩ። ስሙ በአንድ ጊዜ በብዙ ቦታ በቀለ ማለት ነው። ካርታው ላይ ነጥቦቹን ብናስቀምጥ የምናየው የዘር ሐረግ ሳይሆን የመንገድ መረብ ነው።

ለዚህም ነው ያለ «ያን» የቀረው ቃል በሌሎች ሕዝቦች ዘንድ የሚገኘው። ቱርኮች ናልባንቶግሉ፣ ቡልጋሮች ናልባንቶቭ፣ ግሪኮች ናልባንቲዲስ የሚባሉ ቤተሰቦች አሏቸው። በሩማንያ ከዳኑብ አፍ አጠገብ ናልባንት የሚባል መንደር አለ። በሕንድ ደግሞ ናልባንድ የሚባሉ፣ ከአባት ወደ ልጅ ፈረስ ሲያጫሙ የኖሩ ሙስሊሞች አሉ። በሰሜን አርመኒያም ናልባንድ የሚባል መንደር ነበረ፤ ዛሬ ሺራካሙት ይባላል። ዓለም የሰማው ግን በክፉ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 7 ቀን 1988 ወደ 25 ሺህ ሰው የጨረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የተነሣው በዚያው መንደር አቅራቢያ ነበር።

ሙያን የቤተሰብ ስም ማድረግ ለአርመኖች የተለመደ ነው። የእኛን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ምሳሌውን ከአዲስ አበባ ሳይወጣ ያገኘዋል። ለዳግማዊ ምኒልክ መሣሪያ ያመጡ የነበሩት ሰርኪስ ተርዚያን ስማቸው «የልብስ ሰፊው ቤት» ማለት ነው። የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ በድሮስ ቦያጂያን «የቀለም ቀቢው ቤት» ናቸው፤ የፎቶግራፍ ሙያውንም ከእርሳቸው ልጆቻቸው ወርሰውታል። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ግን ከሙያ ሳይሆን ከሰው ስም ነው የተጠራው፤ ቦጎስ ጳውሎስ ስለሆነ «የጳውሎስ ቤት» ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር መናገር እፈልጋለሁ። በእኛ አገር ብረት ቀጥቃጭ ማረሻውን፣ ጦሩን፣ ልጓሙን ሠርቶ እየሰጠ ስሙ ግን ስድብ ሆኖ ኖረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለነበር ነው። በወናፍና በመስፍ ያደገ ቤተሰብ «እኛ የቀጥቃጩ ቤት ነን» ብሎ ስሙን በኩራት ለልጅ ልጅ ሲያወርስ በእኛ ዘንድ አልታየም። ናልባንዲያን የሚለው ስም ከዚህ አንጻር ሲታይ ያስቀናል። የመዶሻው ድምፅ ከቆመ ከመቶ ዓመት በኋላም የሠራተኛውን ክብር ይዞ የሚሄድ ስም ነው።

አሁን ወደ ሰዎቹ እንመለስ። ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1829 የተወለደው በኖር ናኺጨቫን ነው፤ ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1779 የመሠረቱት በንግሥት ካትሪን ትእዛዝ ከክሪሚያ ተነሥተው የመጡ አርመኖች ናቸው። ዛሬ የሮስቶቭ ከተማ ክፍል ናት። በክሪሚያ ከታታሮች ጋር ሲኖሩ የለመዱትን የምሥራቅ ቃል ይዘውት ወደ ዶን ወንዝ ወረዱ። ሚካኤል ለከተማው አርመኖች የተተወ ኑዛዜ ለማስፈጸም እስከ ካልካታ ተጉዟል፤ ለንደን ላይም ከሩሲያ ስደተኛ አብዮተኞች ጋር ተገናኝቷል። ሲመለስ እ.ኤ.አ. በ1862 ታስሮ ሴንት ፒተርስበርግ ምሽግ ውስጥ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1866 በግዞት ሳለ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። የብሔራዊ መዝሙሩ መነሻ የሆነው ግጥሙ ለነጻነት ጦርነት ለሚሄድ ወንድሟ በእጇ የሠራችውን ባንዲራ ስለምትሰጥ ጣሊያናዊት ልጃገረድ የሚተርክ ነው። አርመኒያ እ.ኤ.አ. በ1918 ነጻ ስትወጣ፣ በ1991ም እንደገና ነጻ ስትወጣ፣ ወደዚሁ ግጥም ተመለሰች።

ሌሎቹን ባጭሩ ልጥቀስ። ስታሊንን ደጋግሞ የሣለው ድሚትሪ ናልባንዲያን እ.ኤ.አ. በ1906 የተወለደው በትብሊሲ ነው። ሱሬን ናልባንዲያን እ.ኤ.አ. በ1976 በሞንትሪያል ኦሎምፒክ ለሶቭየት ኅብረት በትግል ወርቅ አግኝቷል። በአርጀንቲና ኡንኪዮ በምትባል ትንሽ ከተማ የተወለደው የቴኒስ ተጫዋቹ ዴቪድ ናልባንዲያን እ.ኤ.አ. በ2002 ለዊምብልደን ፍጻሜ ደርሷል፤ በ2005 ደግሞ ሻንጋይ ላይ ሮጀር ፌደረርን በፍጻሜ አሸንፏል። አያቱ አርመን ናቸው። በራሷ በቱርክ ግን ስሙ መልኩን እንዲለውጥ የሚገፋ ሕግ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣው የቤተሰብ ስም ሕግ ሲተገበር በደንቡ «ያን»ን የመሰሉ የሌላ ቋንቋ ጭራዎችን ማስመዝገብ ተከለከለ።

ለእኛ ግን ከሁሉም የሚቀርበው ከአይንታብ የተነሣው ቅርንጫፍ ነው። አይንታብ ዛሬ ጋዚያንቴፕ የምትባለው ከተማ ናት፤ አርመኖቿ በብዛት ቱርክኛ ተናጋሪዎች ስለነበሩ ከቱርክኛ ጋር የተቀራረበ ስም መያዛቸው አያስገርምም። ኬቮርክ የተወለደው እዚያ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1887። እ.ኤ.አ. በ1915 በኦቶማን ግዛት በአርመኖች ላይ የተፈጸመው ጭፍጨፋ መጣ። የተረፉት ጥቂቶች ከጦርነቱ በኋላ ወደ ቤታቸው ቢመለሱም፣ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1921 ከቱርክ ጋር ተስማምተው አካባቢውን ሲለቁ አርመኖቹም ተነሥተው ወደ አሌፖ ወረዱ። ዛሬ ናልባንዲያኖች በሶርያና በሊባኖስ የሚገኙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመን ገዳም ውስጥ ከጭፍጨፋው የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች አዩ። ከፓትርያርኩ ፈቃድ አግኝተው አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው። ልጆቹ የመንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ፤ አስተማሪያቸው ሆኖ አብሯቸው የመጣው ኬቮርክ ነበር። የብሔራዊ መዝሙሩን ዜማ፣ ማርሽ ተፈሪን፣ የደረሰው እዚሁ ነው። ከዮፍታሔ ንጉሤ ጋርም ለቴአትር ሙዚቃ ሠርቷል። እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1955 ዓ.ም. ድረስ፣ ኢትዮጵያን ቤቱ አድርጎ ኖረ።

በእርሱ እግር ነርሲስ ናልባንዲያን መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1915 አይንታብ የተወለደ፣ አሌፖ ያደገ። የማዘጋጃ ቤቱን ባንድ አሠልጥኗል፣ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ጋር ሠርቷል፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን ኦርኬስትራ መርቷል። የእኛን ቅኝት ለትልልቅ የትንፋሽ መሣሪያዎች አስማምቶ መጻፍ የእርሱ ሙያ ነበር። ከሙዚቃችን ወርቃማ ዘመን ዘፈኖች ኋላ የሚሰማው የመለከትና የሳክስፎን ድምፅ ብዙ ባለውለታ አለው፤ ከነዚያ መካከል ነርሲስ ከፊተኞቹ ረድፍ ነው።

ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ነርሲስ ናልባንዲያን ሲባል የኢትዮጵያዊ ጆሮ ሁለቱን ወንድማማቾች ያደርጋቸዋል። ሁለተኛው ስም ለእኛ የአባት ስም ስለሆነ «ናልባንዲያን የሚባሉ ሰው ሁለት ልጅ ወለዱ» ብለን እንሰማዋለን። እንዲያ አይደለም፤ አጎትና የወንድም ልጅ ናቸው። የእስክንድር ቦጎሲያንም አባት ቦጎስ አይባሉም። አገራችን የቤተሰብ ስም ስለሌላት እነዚህ ስሞች መጥተው የተቀመጡት ቦታ በሌለበት ነው። ሕዝቡም በልማዱ የፊተኛውን ስም ብቻ ይዞ ኋለኛውን ተወው። ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጡት በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መዳመጫ ዛሬም ድረስ የሚታወቀው «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ ነው እንጂ የተርዚያን ተብሎ አይደለም።

የፊተኛው ስም ግን ለእኛ ባዕድ አልነበረም። በድሮስ ጴጥሮስ ነው፣ ሰርኪስ ሰርጊስ ነው። ኬቮርክም በምዕራብ አርመኖች አነጋገር ጊዮርጊስ ማለት ነው፤ በአዲስ አበባ ያለው የአርመን ቤተ ክርስቲያንም የተሰየመው በቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። የብሔራዊ መዝሙሩን ዜማ ያወጣው ሰው ሙሉ ስሙ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ጊዮርጊስ ዘቤተ ፈረስ አጫሚ» ይሆን ነበር፤ የስሙ ጠባቂ ሰማዕቱም በነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጦ የሚሣለው ነው።