ትኩረት፣ ውጥንና ንቃተ ኅሊና፦ ከቤተ ሙከራ እስከ ቅኔ ቤት

ንቃተ ኅሊናን የሚያጠና ሁሉ ሁለት ነገሮችን ሳይነካ አያልፍም። አንዱ ትኩረት ነው፤ አእምሮ ከብዙው መካከል አንዱን መምረጡ። ሌላው ውጥን ነው፤ ሰው አስቦና ሆን ብሎ ለአንድ ነገር መነሣቱ። ሁለቱ ከንቃት ጋር ምን ያህል እንደሚተሳሰሩ ግን ስምምነት የለም።

ጉዳዩ ቆየት ያለ ነው። ፍራንዝ ብሬንታኖ እ.ኤ.አ. በ1874 የአእምሮ መለያው ምንጊዜም የሆነን ነገር መመልከቱ ነው አለ። ዊልያም ጄምስ በ1890 ለትኩረት በሥነ ልቦና መጽሐፉ ሰፊ ቦታ ሰጠው።

ዛሬ አንደኛው ጎራ ንቃትን ከትኩረት አይነጥልም። በበርናርድ ባርስ የ1988 ንድፈ ሐሳብ መሠረት ትኩረት የመረጠው መረጃ በመላው አንጎል ሲሰራጭ እናውቀዋለን። ማይክል ግራዚያኖ ደግሞ ንቃት አንጎል ስለ ገዛ ትኩረቱ የሚሠራው ቀለል ያለ ሥዕል ነው ባይ ነው። ለዚህ ጎራ ድጋፍ በሚሆን፣ ሳይመንስና ቻብሪስ በ1999 ባሳተሙት ሙከራ የኳስ ቅብብል ሲቆጥሩ ከነበሩት ተመልካቾች ግማሽ ያህሉ በመካከል ያለፈውን የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው አላዩም።

ሌላው ጎራ ሁለቱን ይለያል። ኮክና ሱቺያ በ2007 ትኩረትና ንቃት የተለያዩ የአንጎል ሂደቶች ናቸው ብለው ጽፈዋል። አንጎላቸው ላይ ያለው የእይታ ክፍል የተጎዳባቸው አንዳንድ ሰዎች «አላይም» እያሉ ከፊታቸው ያለውን ነገር በትክክል ያመለክታሉ፤ ትኩረት ያለ ንቃት ሊሠራ ይችላል ማለት ነው። ጁሊዮ ቶኖኒም ንቃትን የሚለካው በመረጃ ውሕደት እንጂ በትኩረት አይደለም።

ውጥንን ቤተ ሙከራ ያስገባው ቤንጃሚን ሊቤት ነው። በ1983 እንዳሳየው ሰው እጁን ለማንቀሳቀስ መፈለጉን ከማወቁ ሲሦ ሴኮንድ ገደማ ቀድሞ አንጎሉ መሰናዳት ይጀምራል። ሹርገርና ባልደረቦቹ ግን በ2012 ይህ የመሰናዳት ምልክት ያለቀለት ውሳኔ ሳይሆን የአንጎል የዘፈቀደ መዋዠቅ ሊሆን ይችላል ሲሉ ሞገቱ።

እነዚህ ሙከራዎች የሚለኩት ቅጽበትን ነው። በጎጃም፣ በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የቅኔ ቤት፣ ያለው ሥራ ሌላ ነው። ተማሪው ደበሎውን ደርቦ ከሰው ገለል ይልና ቅኔ ይቆጥራል። ባለሁለት ቤቷን ጉባኤ ቃናም ይሁን ባለስምንት ቤቱን መወድስ ሲያዘጋጅ ቤቱ እንዳይሰበር ይጠነቀቃል፤ ሰሙን እያስኬደ ወርቁን አይለቅም፤ ሁሉንም በቃሉ ይዞ ለመምህሩ ይነግራል። ውጥኑ ትኩረቱን ለሰዓታት ይገዛል፤ የሚገጥመው ቃል መቼ እንደሚመጣለት ግን አያዝም። ውጥን ትኩረትን ለረዥም ጊዜ እንዴት እንደሚመራ፣ ንቃትም በዚያ ውስጥ ድርሻው ምን እንደሆነ ለሚጠይቅ አጥኚ፣ ከአንድ የእጅ እንቅስቃሴ ይልቅ አንድ የቅኔ ቆጠራ ብዙ ያሳየዋል።