አምባሰል በአሉሚኒየም ላይ

የዶክትሬት ትምህርቴን በውጭ አገር በምከታተልበት ዘመን፣ ማታ ከቤተ ሙከራ ስወጣ በአንድ የሙዚቃ ክፍል ጥግ በቆመ ቫይብራፎን ላይ መለማመድ ጀምሬ ነበር። አንድ ምሽት ከጃዝ ተጫዋቾች ጋር አምባሰልን ሞከርሁ። ፒያኒስቱ ኮርድ ሲጨምርበት ቅኝቱ እንደ ጉም በነነ። አንድም ኖታ አልሳትሁም። ታዲያ ምን ጠፋ? እዚህ ኦቶና ስለ ሞገድ ባስተማርሁ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይመለስብኛል።

ጥያቄው ከእኔ በፊት የነበረ ነው። በ1936 ዓ.ም. በጅማ የተወለዱት ሙላቱ አስታጥቄ ለምህንድስና ታስበው ወደ ዌልስ ቢላኩም ሙዚቃ አሸነፋቸው፤ በለንደን ትሪኒቲ፣ ኋላም በቦስተን በርክሊ ኮሌጅ ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1966 የመጀመሪያ አልበሞቻቸውን በኒውዮርክ አሳተሙ። ኢትዮ ጃዝ ያሉት የሥራቸው እምብርትም ይኸው ነው፦ ባለ አምስት ድምፁን ቅኝት፣ ጠባዩ ሳይጠፋ፣ ከአሥራ ሁለት ድምፆች በሚቀዳ ኮርድ ማጀብ።

መሣሪያው ራሱ የፊዚክስ ትምህርት ነው። የተለመደው ቫይብራፎን 37 የአሉሚኒየም ዘንጎች አሉት። ውፍረቱ እኩል የሆነ ዘንግ ሲመታ ሁለተኛው ድምፁ የመሠረታዊው 2.76 እጥፍ ይሆናል፤ ይህ ከየትኛውም ኖታ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ሠሪዎች የዘንጉን ሆድ ከሥር እየፋቁ ሬሾውን ወደ 4፣ ማለትም ወደ ሁለት ኦክታቭ ያመጡታል። ከየዘንጉ ሥር የተንጠለጠለው ቱቦ አንድ ጫፉ ዝግ ስለሆነ ርዝመቱ የሞገዱ ሩብ ነው፤ ለዝቅተኛው ፋ (175 ኸርዝ ገደማ) 49 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የሶዶ ከፍታ ይህን ይለውጠዋል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ተማሪዎች አሉ። አይለውጠውም፤ የድምፅን ፍጥነት በአየር ውስጥ የሚወስነው በዋናነት ሙቀት እንጂ ግፊት አይደለም።

አሁን ወደ ጠፋው አምባሰል እንመለስ። ከዶ ተነሥተን ርቀቶቹን በግማሽ ድምፅ ስንቆጥር አምባሰል 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4 ነው። ባቲ ሜጀር ደግሞ 4፣ 1፣ 2፣ 4፣ 1። አንዱን ከኋላ ወደ ፊት አንብቡት! አምባሰል በመስታወት የታየ ባቲ ነው። ይህን በወረቀት ላይ ያገኘሁ ዕለት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከመመረቂያ ጽሑፌ ይልቅ ደስ አሰኝቶኛል።

መልሱም ከዚህ ይወጣል። በባቲ ውስጥ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ሲ በአንድነት ሲመቱ የጃዝ ሜጀር ሰባተኛ ኮርድ ይሆናሉ፤ መሠረቱም የቅኝቱ ቤት የሆነው ዶ ነው። በአምባሰል ግን ያው ዓይነት ኮርድ የሚሠራው ከሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ላ ቤሞል እና ዶ ነው፤ መሠረቱ ሬ ቤሞል ሆነ። ፒያኒስቱ ይህን ኮርድ ሲያኖር ጆሯችን ቤቱን ወደ ሬ ቤሞል አዛወረ። የጠፋው ኖታ አልነበረም፤ ቤቱ ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ባሱ ዶ ላይ ይጽና፤ በአራቱ መምቻዎች የሚሠራው ኮርድ በአብዛኛው ከራሱ ከቅኝቱ ይውጣ፤ የባዕድ ኖታዎች በመንገድ አላፊ ይሁኑ። በቅጽበት መፍጠርን የሚማር ሰው መጀመሪያ ወደ ዶ መመለስን ይለማመድ።

ለጀማሪ ግን ትዝታ ሜጀር ይሻላል፤ ግማሽ ድምፅ ስለሌለው የትኛውም ሁለት ዘንግ አይጣላም። አንቺሆዬ በተቃራኒው ሦስት ኖታዎቹ ዲሚኒሽድ ኮርድ ስለሚሠሩ ለጃዝ ተጫዋች እጅግ ይጥማል። ሙላቱ በደቡባችን የደራሼ የቀርከሃ ዋሽንቶች ውስጥ ይህንኑ የዲሚኒሽድ ድምፅ እንደሰሙ ደጋግመው ተናግረዋል።

ቫይብራፎን የለንም ለምትሉ፦ መስኮትና በር ከሚሠራ ቤት ትርፍራፊ ጠፍጣፋ አሉሚኒየም ለምኑ። ድግግሞሹ ከርዝመቱ ካሬ ጋር ተቃራኒ ስለሆነ የትዝታ ዘንጎች 40፣ 37.8፣ 35.6፣ 32.7 እና 30.8 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። ከየጫፉ 22.4 በመቶ ገባ ብሎ፣ ዘንጉ በማይንቀጠቀጥበት ነጥብ፣ በክር ወይም በስፖንጅ ላይ አሳርፉት። ድምፁ ከፍ ካለባችሁ ከሆዱ ፋቁ፤ ዝቅ ካለ ከጫፉ።