የድረ ገጽ ስፋትና የገዢው መስኮት

ሱቁን በመልካም ዕቃ ሞልቶ በሩን ያጠበበ ነጋዴ ደንበኛው ከደጅ ይመለስበታል። በድረ ገጽም የሚደርሰው ይኸው ነው። አስመጪው ወይም ላኪው ገንዘብ አውጥቶ ያሠራው ገጽ በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ አምሮ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ገዢው በእጅ ስልኩ ሲከፍተው የዋጋው ዓምድ ከመስኮቱ ውጭ የቀረ እንደ ሆነ፣ ወይም ፊደሉ ለማንበብ እስኪያስቸግር ያነሰ እንደ ሆነ፣ ወደ ሌላ ነጋዴ ገጽ ማለፉ አይቀርም። ስለዚህ አንድ ገጽ በልዩ ልዩ የብራውዘር መስኮት ልክ እንዴት እንደሚዘጋጅ ማወቅ ለነጋዴው የሚጠቅም ጉዳይ ነው።

የችግሩ መነሻ ከወረቀት የተወረሰ ልማድ ነው። ጋዜጣም ሆነ የዋጋ ዝርዝር ሲታተም የወረቀቱ ስፋት አስቀድሞ የታወቀ ነው። የድረ ገጽን ስፋት የሚወስነው ግን ገዢው የከፈተው መስኮት ነው። አውስትራሊያዊው ጆን ኦልሶፕ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ጽሑፍ ይህንኑ አስገንዝቦ ነበር። ሆኖም ብዙ ባለሙያዎች ገጹን እንደ 960 ፒክሰል ባለ አንድ ቁርጥ ስፋት መሥራታቸውን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የመጀመሪያው አይፎን የመስኮቱ ስፋት 320 ፒክሰል ብቻ ነበር። ስልኩ ለኮምፒዩተር የተሠራውን ገጽ 980 ፒክሰል እንደሚሰፋ ቆጥሮ ወደ ሲሶ አሳንሶ ያሳየው ስለ ነበር፣ 15 ፒክሰል የነበረው ፊደል ወደ 5 ወረደ።

አንዳንድ ድርጅቶች ለስልክ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ገጽ አሠሩ። ይህም ለአንድ ሱቅ ሁለት መዝገብ እንደ መያዝ ሆነ፤ በአንደኛው ዋጋው ሲለወጥ በሁለተኛው ይረሳል።

የተሻለውን መንገድ እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳየው አሜሪካዊው ኤታን ማርኮት ነው። መንገዱ ሦስት ነገሮችን ያጣምራል። አንደኛ፣ የገጹ ክፍሎች ስፋት በቁርጥ ፒክሰል ሳይሆን በመቶኛ ይለካል። ሁለተኛ፣ ሥዕል ከተቀመጠበት ክፍል እንዳያልፍ ይደረጋል። ሦስተኛ፣ መስኮቱ ከተወሰነ ልክ ሲጠብ ጎን ለጎን የነበሩት ዓምዶች ከላይ ወደ ታች እንዲደረደሩ ትእዛዝ ይጻፋል። ከዚህም ጋር ገጹ የስልኩን እውነተኛ ስፋት እንዲጠቀም የሚያዝ አንድ መሥመር በገጹ መጀመሪያ መግባት አለበት፤ ይህ መሥመር ከተረሳ ስልኩ ወደ ማሳነሱ ይመለሳል። ጉግልም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በስልክ በሚደረግ ፍለጋ ለስልክ የሚመቹ ገጾች ብልጫ እንዲያገኙ አድርጓል።

ለነጋዴው ከሁሉ የሚከብደው የዋጋ ሰንጠረዥ ነው። የቡናውን ዓይነት፣ ደረጃ፣ የምርት ዘመን፣ ብዛት፣ የመጫኛ ወደብና ዋጋ በስድስት ዓምድ የያዘ ሰንጠረዥ በ320 ፒክሰል መስኮት በሚነበብ ፊደል አይገባም። በጠባብ መስኮት እያንዳንዱ ረድፍ እንደ ካርድ ለብቻው ተዘርግቶ የቡናው ዓይነትና ዋጋው ከላይ ቢቀመጡ ገዢው የሚፈልገውን ወዲያው ያገኛል። ሥዕልም ቢሆን በማያው ላይ ስላነሰ ብቻ ክብደቱ አይቀንስም፤ ለስልክ የሚሆን ቀላል ቅጂ ካልተዘጋጀለት የኢንተርኔቱን ሒሳብ የሚከፍለው ገዢው ነው። በአማርኛ ለሚጻፍ ገጽ ደግሞ አርእስቱ ጥንቃቄ ይሻል። ብራውዘሩ መሥመር የሚቆርጠው ብዙውን ጊዜ በቃላት መካከል ባለው ክፍት ቦታ ስለሆነ፣ በትልቅ ፊደል የተጻፈ አንድ ረዥም ቃል ከመስኮቱ ሊያልፍ ይችላል።

ነጋዴው ሥራውን ለመመርመር የባለሙያ ዕውቀት አያስፈልገውም። በኮምፒዩተር ላይ የብራውዘሩን መስኮት በጠርዙ ይዞ ቀስ በቀስ ያጥብበው፤ ቀጥሎም ገጹን በስልክ ከፍቶ ስልኩን አንድ ጊዜ በቁሙ፣ አንድ ጊዜ በአግድም ይዞ ይመልከተው። ጽሑፉን ለማንበብ ወደ ጎን መግፋት የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ወይም የትእዛዝ መስጫው ቁልፍና የስልክ ቁጥሩ ከተሰወሩ፣ ሥራው ገና አላለቀም። ይህም ፈተና ከሠሪው ጋር በሚደረገው ውል ውስጥ ቢጻፍና የመጨረሻው ክፍያ ፈተናው ካለፈ በኋላ እንዲሆን ቢደረግ፣ በኋላ ከሚመጣ ክርክርና ከገበያ ማጣት ያድናል።