ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ወረፋ ለምን ዜና አይሆንም?

ስለ ሀዋሳ ትራንስፖርት ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚለው «ሀዋሳማ ባጃጅ ሞልቷታል» ነው። ከፒያሳ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ አቶቴ ለሚመላለስ ሰው አባባሉ ውሸት አይደለም። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ሰፊ ነው፣ እጅ ከፍ ሲደረግ አንዱ ባይቆም ሌላው ይቆማል። ታቦር ክፍለ ከተማ ውስጥ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ለሚኖር ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጠዋት ሥራና ትምህርት ቤት መግቢያ ላይ ባጃጆቹ ሞልተው ያልፋሉ። ማታ ደግሞ «ወደ ውስጥ አልገባም» ወይም «ኮንትራት ከሆነ እሺ» ይባላል። እኔም የሰፈሩ ልጅ ስለሆንኩ ይህን ከማንም አልሰማሁትም።

በዚህ ጽሑፍ ባጃጁ ለምን ዳር ድረስ እንደማይመጣ፣ ይህም ችግር ለምን በመገናኛ ብዙኃን እንደማይሰማ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ሁለተኛው ጥያቄ የትምህርት ክፍላችን ጉዳይ ስለሆነ እሱ ላይ ሰፋ አድርጌ እቆያለሁ።

በመጀመሪያ ነጂውን መውቀስ ቀላል መሆኑን እንቀበል። «ጥጋበኛ ናቸው» ይባላል። ነገር ግን ሂሳቡን ስናየው ነጂው ከእኛ የተለየ ሰው አይደለም። ባጃጅ ሦስት ሰው እንዲጭን የተፈቀደለት፣ በቤንዚን የሚሄድ ትንሽ ተሽከርካሪ ነው። ብዙ ጊዜ የሚነዳው ባለቤቱ አይደለም። ነጂው በየቀኑ ለባለቤቱ የተቆረጠ ገቢ ያስገባል፣ ቤንዚን ይሞላል፣ ከዚያ የተረፈችው የእሱ ናት። ስለዚህ ነጂው የሚያሰላው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ሳይሆን በየኪሎ ሜትሩ ስንት ሰው ወንበር ላይ እንደነበረ ነው። መሀል ከተማ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይሳፈራል። ወደ ዳር ሰፈር ግን ጠዋት ሰው ያለው ወደ መሀል ብቻ፣ ማታ ያለው ወደ ዳር ብቻ ነው። ለምሳሌ 3 ኪሎ ሜትር ገብቶ ሦስት ሰው አውርዶ ባዶውን ቢመለስ፣ የ6 ኪሎ ሜትር ቤንዚን አቃጥሎ የሦስት ሰው ሂሳብ ይዞ ነው የሚመጣው። በዚያ ላይ መንገዱ ኮረኮንች ነው፣ ክረምት ከገባ ጭቃ ነው። ጋቢናው ላይ አራተኛ ሰው ትርፍ የሚጭነውም ለዚህ ነው (ትክክል ነው ማለቴ አይደለም)።

የቤንዚኑ ዋጋ ደግሞ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር፣ በሰኔ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ። በታህሳስ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ቤንዚን በተወደደ ቁጥር ባዶ መመለስ ይበልጥ ያማል፣ ነጂውም ይበልጥ ወደ መሀል ይሸሻል። እንግዲህ ዳር ሰፈር በባጃጅ ሂሳብ ሁልጊዜ ኪሳራ ነው ማለት ነው። ሌላው ዓለም ይህን የሚፈታው ብዙ ሰው በሚጭንና ጉድለቱን ከተማው በሚሸፍንለት አውቶቡስ ነው። አዲስ አበባም ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ አንበሳ አውቶቡስን ይዛ የቆየችው በዚሁ ምክንያት ነው።

«ዳር የሚኖረው ስንት ሰው ነው?» የሚል ይኖራል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝብ ቆጠራ የሀዋሳ ከተማ አስተዳደር ነዋሪ ከ258 ሺህ በላይ ነበር። ከዚህ ውስጥ ከተማው ውስጥ የሚኖረው 157 ሺህ ገደማ ሲሆን የቀረው፣ ማለትም ከመቶ ወደ 40 የሚጠጋው፣ በዙሪያው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ይኖር ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ በየአቅጣጫው ሰፍታለች፣ በ2012 ዓ.ም. የሲዳማ ክልል ሲመሠረትም የክልሉ መቀመጫ ሆናለች።

ጉዳዩ በጣም የሚከብደው ግን ማታ ነው። የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ገብተውበታል። አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ኢትዮጵያ ከታህሳስ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአጎዋ ዕድል ስትታገድ ቁጥሩ ቀንሷል፣ ፈረቃው ግን አልቀረም። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። በዚህ ደመወዝ ቤት የሚገኘው ኪራይ በሚረክስበት ዳር ሰፈር ነው፣ እሱም አንድ ክፍል ለብዙ ሆኖ። ሰርቪስ ያላት ሠራተኛ እንኳ የምትወርደው ዋናው አስፋልት ላይ ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ ያለውን በጨለማ በእግሯ ትሄዳለች። ለኮንትራት የሚጠየቀውን ከየት ታመጣለች? እኛ ሰፈር እነዚህ ልጆች ሦስት አራት ሆነው፣ የስልካቸውን መብራት አብርተው፣ ጮክ ብለው እያወሩ ነው የሚያልፉት። ጮክ የሚሉት ደስ ብሏቸው አይደለም።

ታዲያ ይህ ሁሉ በየቀኑ እየሆነ ለምን ዜና አይሆንም? መልሱ «ጋዜጠኛው ስለማይፈልግ» የሚል ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ባለፈው ሴሚስተር ለአንድ ኮርስ የአንድ ጣቢያ የሬዲዮ ዜና በቡድን ተከታትለን ነበር። ትራንስፖርት ብለን የመዘገብነው ሁሉ ወይ የመኪና አደጋ፣ ወይ የነዳጅ ዋጋ፣ ወይ የርክክብ ሥነ ሥርዓት ነበር። ወረፋ የሚባል ነገር አልነበረም።

ጋልቱንግና ሩጅ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1965 እ.ኤ.አ. አንድ ክስተት ዜና የሚሆንባቸውን 12 መመዘኛዎች ዘርዝረው ነበር። ክፍል ውስጥ ለፈተና የሸመደድናቸው ናቸው። የመጀመሪያው የጊዜ ጉዳይ ነው። ጋዜጣ በየቀኑ ስለሚወጣ በአንድ ቀን ተጀምሮ የሚያልቅ ነገር ይመቸዋል፣ ቀስ ብሎ የሚሆነው ያመልጠዋል። እነሱ የሰጡት ምሳሌ ግድብ ነው፤ ግንባታው ሳይታይ ይከርማል፣ ምረቃው ግን ዜና ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርን እንውሰድ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ያልዘገበ አልነበረም። ከ41ዱ ባቡሮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመለዋወጫ እጥረት አንድ በአንድ ሲቆሙ ግን ድምፁ ቀስ ያለ ነበር። በየካቲት 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ባጃጅን ለጊዜው ስታግድ ደግሞ ወዲያው ዜና ሆነ፣ በአንድ ቀን የሆነ ነገር ነዋ! የታቦር ወረፋ በአንድ ቀን አልመጣም፣ ስለዚህ የሚዘገብበት ቀን የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የጋልቱንግና ሩጅ የግድብ ምሳሌ ለእኛ አገር ሙሉ በሙሉ አይሠራም። የሕዳሴው ግድብ ከመጋቢት 2003 ዓ.ም. እስከ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሲገነባ በየሳምንቱ «ይህን ያህል ከመቶ ደረሰ» እየተባለ ተዘግቧል። ለምን? ሁሉም ቦንድ ገዝቷል፣ የእኔ ነው ይላል። ስለዚህ ዘገምተኛ ነገር ዜና አይሆንም የሚለው ሕግ አይደለም። ሰሚው የእኔ ያለውን ነገር ጋዜጠኛው በቁጥር እየተከተለ ማቅረብ ይችላል።

ማኮምስና ሾው በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት መገናኛ ብዙኃን ምን እንደምናስብ ባይወስኑም ስለ ምን እንደምናስብ ይወስናሉ የሚለውን ሐሳብ አጠናክረዋል። ይህ ለባለሥልጣንም ይሠራል። የስምሪት ሰው ባጃጅ የሚመድበው አቤቱታ ወደሰማበት መስመር ነው። አቤቱታ ደግሞ ከመሀል ከተማ ቶሎ ይሰማል፤ ቢሮውም፣ ጣቢያውም፣ ባለጉዳዩም እዚያው ናቸውና።

ወረፋን ዜና ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ተማሪ ደብተር ይዞ አንድ ፌርማታ ላይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ይቁም። ስንት ባጃጅ ሞልቶ አለፈ፣ ስንቱ ቆመ፣ አንድ ሰው ስንት ደቂቃ ጠበቀ፣ ስንት ሰው ተስፋ ቆርጦ በእግሩ ሄደ ብሎ ይጻፍ። ማታ ደግሞ ወደ ውስጥ የገባው የመጨረሻ ባጃጅ በስንት ሰዓት እንደገባና ስንት ብር እንደጠየቀ ይመዝግብ። ይህን በየወሩ በተመሳሳይ ቀን ቢደግመው ቁጥሩ ራሱ የሚዘገብበት ቀን ይኖረዋል። የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ለሚቀጥለው ሴሚስተር የተግባር ሥራ ርዕስ እየፈለግን ነው። እኔ የታቦሩን ፌርማታ ይዣለሁ፣ ለሀዌላ ቱላ መስመር ግን ሰው አልተገኘም።