የቢራቢሮ ክንፍ ስላላት የተረት ፍጡርና ስለ ልጆች ጨዋታ

ልጅ ያለ ጨዋታ አያድግም፤ ጨዋታም ያለ ሥርዓት ጠብን ይወልዳል። ስለዚህ በዛሬው ገጻችን በውጭ አገር ብዙ ቤተ ሰብ ማታ ማታ ተሰብስቦ ስለሚጫወተው አንድ ጨዋታ፥ በዚያም ውስጥ ስለምትገኝ አንዲት ባለ ክንፍ ትንሽ ፍጡር ለወላጆች ልንነግር አሰብን። ዘመኑን የምንጽፈው በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በ1974 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት ሰዎች ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለውን ጨዋታ አሳትመው አወጡ። ትርጓሜውም የምድር ቤት ወህኒና ዘንዶ እንደ ማለት ነው። ጨዋታው እንደ ሰንጠረዥ ጠጠር በመግፋት የሚፈጸም አይደለም፤ ይልቁንም በንግግር ነው። ከተቀመጡት መካከል አንዱ አጫዋች ሆኖ ታሪኩን ይናገራል፥ እንደ ዳኛም ሆኖ ይፈርዳል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ የተረት ሰው ይሆኑና ኀይሉንና ድካሙን በወረቀት ይጽፋሉ። አንዱ «ይህን ገደል እዘላለሁ» ቢል፥ መዝለሉና መውደቁ የሚታወቀው ከ1 እስከ 20 ቍጥር የተጻፈበትን ዳይስ ጥሎ ነው። እንግዲህ የፈለገውን ማሰብ ለሁሉ የተፈቀደ ነው፤ ያሰበውን ሁሉ ማግኘት ግን ለማንም አልተፈቀደም።

እንግሊዞች በተረታቸው ፌሪ ብለው የሚጠሩት ትንሽ ፍጡር አለ፤ መልኩ ሰው ይመስላል፥ ሥራው ግን አስማት ነው። በዚህም ጨዋታ በ2021 ዓ.ም. በታተመ አንድ መጽሐፍ ተጫዋቹ ራሱ ፌሪ ለመሆን እንዲችል ሥርዓቱ ተጻፈ። ፌሪዋ ቁመትዋ ትንሽ ነው፤ በእግርዋ በምትሄድበት ፍጥነት በክንፍዋ ትበራለች። አበባን በቅጽበት ማፍካት ትችላለች። ማዕርግዋ ሦስተኛ ሲደርስ ደግሞ በጠላት ዙሪያ ብርሃን ታበራለች፤ ያ ብርሃን ያረፈበት ጠላት ከቶ መሰወር አይችልም፥ ባልንጀሮችዋም ሲመቱት ዕድላቸው ይበልጣል።

ነገር ግን ስጦታዋ ወሰን አለው። ከባዱን ወይም መካከለኛውን ጥሩር የለበሰች እንደ ሆነ መብረር አይሆንላትም። ወይ ብረቱን ትመርጣለች፥ ወይ ክንፉን ትመርጣለች፤ ሁለቱን ባንድነት ማግኘት የለም። ስለዚህም በጦርነት ጊዜ ጥሩር የለበሰው ባልንጀራዋ እንዲጋርዳት ያስፈልጋል፤ እርሱም በበኩሉ ወንዝ ማዶ ያለውን የሚያይለት ክንፍ ያስፈልገዋል።

ይህ ነገር ለቤተ ሰብ የሚጠቅምበት ምክንያት ግልጥ ነው። በየቤቱ ታላላቆቹ ሲጫወቱ ታናሽዮዋ «አንቺ ገና ነሽ» ተብላ ወደ ዳር የምትገፋበት ጊዜ ብዙ ነው። እርስዋን ፌሪ ያደረጓት እንደ ሆነ ግን ታናሽነትዋ ነውር መሆኑ ቀርቶ ሥራ ይሆናል። ወንድሟም ያለ እርስዋ ብርሃን የተሰወረውን ጠላት እንደማያገኘው በጨዋታ ይማራል።

አሁን የነፍሳት ክንፍ ለፌሪ ከወዴት እንደ መጣላት እንናገር። በጥንቱ የእንግሊዝ ተረት ፌሪ በብዙው ክንፍ የላትም ነበረች። ባለቅኔው አሌክሳንደር ፖፕ በ1714 ዓ.ም. ባሳተመው ቅኔ የአየር መናፍስትን ባለ ነፍሳት ክንፍ አድርጎ ጻፈ፤ በ1798 ዓ.ም. ደግሞ ቶማስ ስቶታርድ ለዚሁ ቅኔ ሥዕል ሲሥል የቢራቢሮ ክንፍ ሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ብዙ ሠዓልያን ይህን ልማድ ተከተሉ፤ የእንግሊዝም ልጆች ፌሪን ያለ ክንፍ ማሰብ ተዉ።

ከነዚህም ልጆች ሁለቱ፥ የ16 ዓመትዋ ኤልሲ ራይትና የ9 ዓመትዋ የአክስትዋ ልጅ ፍራንሲስ ግሪፊትስ፥ በብራድፎርድ ከተማ አጠገብ ኮቲንግሊ በምትባል መንደር ይኖሩ ነበር። ፍራንሲስ በወንዝ ዳር እየተጫወተች ጫማዋን አርጥባ ስትመለስ ተቈጡአት፤ እርስዋም ፌሪዎችን ለማየት እንደምትሄድ ተናገረች። ታላላቆቹ ስለ ሣቁባቸው በ1917 ዓ.ም. ሁለቱ ልጆች የኤልሲን አባት ፎቶግራፍ ማንሻ ተውሰው ሄዱና ባለ ክንፍ ፌሪዎች በፍራንሲስ ፊት ሲጨፍሩ የሚያሳይ ሥዕል ይዘው ተመለሱ። አባትየው ማታለል መሆኑን ጠረጠሩ፤ እናትየው ግን አመኑ።

ሥዕሉም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሸርሎክ ሆምስን ታሪክ ከደረሱት ከሰር አርተር ኮናን ዶይል ዘንድ ደረሰ። እኒህ የወንበዴን ዱካ ስለ መከተል የጻፉ ሊቅ ነገሩን እውነት ብለው በ1920 ዓ.ም. በመጽሔት፥ በ1922 ዓ.ም. ደግሞ በመጽሐፍ አወጡት። ልጆቹ ግን የጨፋሪዎቹን መልክ በ1914 ዓ.ም. ከታተመ የልጆች መጽሐፍ ቀድተው፥ ክንፍ ጨምረውበት፥ ወረቀቱን ቈርጠው በባርኔጣ መርፌ አቁመውት ነበር። የሚያስደንቀውም በዚያው መጽሐፍ ውስጥ የኮናን ዶይል የራሳቸው ድርሰት መገኘቱ ነው። ልጆቹም እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው ካመናቸው በኋላ ማፈሪያ እንዳያደርጉት ዝም አሉ። ዝምታቸውም 66 ዓመት ቈየ፤ በ1983 ዓ.ም. አርጅተው ሳሉ ተናዘዙ። ሆኖም ፍራንሲስ ከአምስቱ ሥዕሎች የመጨረሻይቱ እውነተኛ ናት ማለትን እስክትሞት አልተወችም።

በ1980ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ አገር ብዙ ወላጆችና አንዳንድ ሰባክያን ከላይ የነገርናችሁ ጨዋታ ልጆችን ወደ ጥንቈላ ይወስዳል ብለው ፈሩ። ወላጅ ስለ ልጁ ነፍስ መፍራቱ ተገቢ ነው፥ እኛም አንነቅፈውም። ነገር ግን ሁለቱን ነገሮች አስተያይተን እንፍረድ። በጨዋታው ተረቱ ተረት መሆኑ አስቀድሞ ለሁሉ ተነግሮአል፤ ሥርዓቱም በመጽሐፍ ተጽፎ ማንም ያነበዋል። በኮቲንግሊ ግን ተረቱ የእውነትን ልብስ ለበሰ፤ ስለዚህም ሊቁን አሳተ፥ ሁለቱንም ልጆች እስከ እርጅና በምስጢር አሰረ። ጕዳቱ ከክንፉ አልመጣም፤ ከመሰወሩ መጣ እንጂ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችሁ እንዲህ ያለ ጨዋታ የጀመሩ እንደ ሆነ ከደጅ ቆማችሁ አትቈጡ፤ ገብታችሁ ተቀመጡ፥ ቢቻላችሁም አጫዋቹን ራሳችሁ ሁኑ። የጸሎትና የትምህርት ሰዓት ሲደርስ ዳይሱ ይነሣ። ልጅ ስላለቀሰ ሥርዓቱን አታጣምሙ፤ ጥሩር የለበሰች ፌሪ አትበርም ከተባለ አትብረር። ጨዋታው ሲያልቅም የትኛው ተረት፥ የትኛው እውነት እንደ ሆነ ልጁ በአንደበቱ ይንገራችሁ። ልጅም ጫማውን አርጥቦ የመጣ ቀን ሳትሣቁበት ስሙት፤ ያን ጊዜ እውነቱን ለመናገር 66 ዓመት አይቈይም።