በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ብርሃንንና ማዳበሪያን ስለ ማመዛዘን

ዓሣና ሕያው ተክል የያዘ የመስተዋት ገንዳ፤ ማለት አኳሪየም፤ ለሆቴል አዳራሽም ሆነ ለመኖሪያ ቤት ያማረ ጌጥ ነው። ይሁን እንጂ ከተሸጠ ጥቂት ሳምንቶች ሳያልፉ መስተዋቱ አረንጓዴ ሊለብስ፤ የተክሎቹም ቅጠል ጠጕር በሚመስል ዝልግልግ ነገር ሊሸፈን ይችላል። ያን ጊዜ ገዢው አዝኖ ወደ ሱቁ ይመለሳል። ባለ ሱቁ የነገሩን ምክንያት ያላወቀ እንደ ሆነ፤ ወይም ማጥፊያ መድኃኒት ይሸጥለታል፤ ወይም ማዳበሪያ መጨመሩን ፈጽሞ እንዲተው ይመክረዋል። ሁለቱም ምክር ብዙ ጊዜ ጕዳቱን ያብሰዋል፤ ደንበኛውም በመጨረሻ ገንዳውን ባዶ አድርጎ ይተወዋል። ስለዚህ ይህን ዕቃ የሚያስመጣም ሆነ የሚሸጥ ነጋዴ ምክንያቱን ጠንቅቆ ማወቅ ይገባዋል።

ገንዳውን የሚያበላሸው ነገር አልጌ ይባላል። አልጌ እውነተኛ ሥርና ቅጠል ሳይኖረው በብርሃን ኀይል የሚያድግ የውሃ ፍጥረት ነው። ዘሩ ከውሃው፤ ከተክሉና ከዓሣው ጋር አብሮ ስለሚገባ ፈጽሞ እንዳይኖር ማድረግ አይቻልም። የሚቻለው ተክሎቹ በርትተው ስፍራውን እንዲይዙና አልጌው እንዳይስፋፋ ማድረግ ነው።

ነገሩን በንግድ አነጋገር ለማስረዳት፤ ብርሃን እንደ ደንበኛ ትእዛዝ፤ ማዳበሪያ በመጋዘን እንዳለ ጥሬ ዕቃ፤ ተክሉም እንደ ፋብሪካ ነው። ትእዛዙ በዝቶ ጥሬ ዕቃው ያነሰ እንደ ሆነ ፋብሪካው ሥራውን ያቆማል፤ ሳይሠራ የቀረውንም ትእዛዝ ተወዳዳሪው ይወስደዋል። በገንዳው ውስጥ ያለው ተወዳዳሪ አልጌ ነው፤ እርሱ እጅግ ጥቂት ምግብ ይበቃዋልና። ስለዚህ ብርሃን በጨመረ ቍጥር ናይትሮጅን፤ ፎስፎረስ፤ ፖታሲየም፤ ብረትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው አየር አብረው መጨመር አለባቸው። እነዚህን መጨመር የማይቻል ሲሆን ብርሃኑን መቀነስ የግድ ነው።

የዚህ ትምህርት መሠረት የቈየ ነው። ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ (1803–1873 እ.ኤ.አ.) የተክል ዕድገት የሚወሰነው ከሚያስፈልጉት ምግቦች ሁሉ ከፍላጎቱ አንጻር እጅግ በጐደለው አንዱ መሆኑን በሰፊው አሳውቋል። ይህም ሳንቃዎቹ እኩል ካልሆኑ በርሜል ጋር ይመሳሰላል፤ ውሃው ከአጭሩ ሳንቃ በላይ ሊሞላ አይችልም። ናይትሮጅን የጐደለው ተክል ሌላው ሁሉ ቢትረፈረፍለት አያድግም።

ስለ ፎስፎረስ ግን ለብዙ ጊዜ ክርክር ነበር። በ1996 እ.ኤ.አ. የተሰራጨ አንድ ጽሑፍ ሌላው ምግብ ተሟልቶ ፎስፌት ብቻ እንዲያንስ ቢደረግ ተክሉ አልጌውን ያሸንፋል የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በኋላ ግን ገንዳ የሚያለሙ ሰዎች ፎስፌት ሲጨምሩ፤ ተክሉ ብዙና ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በቂ እስከ ሆነ ድረስ፤ አልጌው እንደማይበዛ አይተዋል። ከዚህም የተነሣ ማዳበሪያውን አትረፍርፎ መስጠትና በየሳምንቱ ግማሹን ውሃ በመለወጥ ትርፉን ማስወገድ የተለመደ ዘዴ ሆኗል። አልጌን በረኃብ ለመግደል የሚሞክር ሰው አስቀድሞ የሚያስርበው ተክሉን ነው።

በሥራ ላይ ሲውል መጀመሪያ የሚስተካከለው ብርሃን ነው። አዲስ ገንዳ በመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች በቀን 6 ሰዓት ያህል ቢበራለት ይበቃዋል፤ ተክሉ ሲጸና እስከ 8 ሰዓት ማድረስ ይቻላል። መብራቱን በራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ የሰዓት መቈጣጠሪያ አብሮ መሸጥ መልካም ነው። ነገር ግን ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የሚቆም ዐይነት የሆነ እንደ ሆነ፤ ከእያንዳንዱ መቋረጥ በኋላ ሰዓቱ መታረም አለበት። ገንዳው ቀጥተኛ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ ከተቀመጠ የመብራቱ ሰዓት መቈጠሩ ብዙ አይጠቅምም።

ሁለተኛው ምግቡ ነው። ተክል በበዛበትና ብርሃኑ በጠነከረ ገንዳ፤ በአንድ ሊትር ውሃ ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም ናይትሬትና 1 ሚሊግራም ያህል ፎስፌት እንዲኖር ይደረጋል። 1 ግራም ፖታሲየም ናይትሬት በ100 ሊትር ውሃ ውስጥ ሲሟሟ በየሊትሩ 6 ሚሊግራም ያህል ናይትሬትና 4 ሚሊግራም ያህል ፖታሲየም ይጨምራል። ከውጭ የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሊትር 30 ሚሊግራም ያህል ቢሆን ለተክሉ በቂ ነው፤ ከዚያ እጅግ ቢያልፍ ግን ዓሣውን ያፍናል። መብራቱ ከመብራቱ 1 ወይም 2 ሰዓት አስቀድሞ መክፈትና ሌሊት መዝጋት ይገባል። ይህን አየር ለማስገባት የማይፈልግ ደንበኛ ደካማ መብራት፤ እንደ አኑቢያስ ያለ ቀስ ብሎ የሚያድግ ተክልና ጥቂት ማዳበሪያ ይበቃዋል። አኑቢያስ ትውልዱ ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ሲሆን በጥላ የሚኖር ተክል ነው።

ደንበኛው ችግሩን ሲናገር ከምልክቱ መረዳት ይቻላል። አሮጌው ቅጠል ቢጫ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ናይትሮጅን፤ በአሮጌው ቅጠል ላይ ቀዳዳ ሲወጣ ፖታሲየም፤ አዲሱ ቅጠል ሲነጣ ብረት መጕደሉን ያመለክታል። መስተዋቱ ቶሎ ቶሎ አረንጓዴ የሚለብስ ከሆነ ብርሃኑ በዝቷል። ጥቁር ጭገር የመሰለ አልጌ ሲታይ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ማለቱ ይጠረጠራል። በአዲስ ገንዳ የሚታየው ቡናማ ሽፋን ግን ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ለእርሻ የሚሸጠውን ዩሪያ ወይም ዳፕ በገንዳው ውስጥ መጨመር አይገባም። ዩሪያ በውሃ ውስጥ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ ዳፕም ራሱ አሞኒየም አለበት። አሞኒያ ዓሣን ይገድላል፤ አልጌንም ያነሣሣል። ለዓሣው ከሚበላው በላይ ምግብ መጣልም ምግቡ ሲበሰብስ ይህንኑ ጕዳት ያመጣል።

አልጌ የሚበሉ ፍጥረቶችም ይረዳሉ። በዚህ ጥበብ ስሙ የታወቀው ጃፓናዊው ታካሺ አማኖ (1954–2015 እ.ኤ.አ.) ለዚሁ ሥራ የተጠቀመበት ትንሽ ሽሪምፕ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሆኖም ሽሪምፑ ረዳት ነው እንጂ የተዛባውን ሚዛን አያቃናም።

እንግዲህ ነጋዴው ገንዳውን ሲሸጥ ከመብራቱ ኀይል ጋር የሚመጣጠን ማዳበሪያና ተክል አብሮ ቢያቀርብ፤ የመብራቱንም ሰዓትና የማዳበሪያውን መጠን በአንዲት ወረቀት ጽፎ ለገዢው ቢሰጥ፤ ቅሬታው ይቀንሳል። ኀይለኛውን መብራት ብቻ የሸጠ ሰው የዛሬውን ትርፍ ያገኛል፤ ሚዛኑን አስተምሮ የሸጠ ግን ደንበኛው ለማዳበሪያው፤ ለተክሉና ለዓሣው ምግብ ደጋግሞ ይመለስለታል።