መያዝ የሌለበት ማባዛት

23ን በ14 ወረቀት ላይ ስናባዛ እንዲህ እንላለን፦ ሦስት ጊዜ አራት 12፤ 2 እንጽፍና 1 እንይዛለን። ሁለት ጊዜ አራት 8፤ ከያዝነው ጋር 9። ቀጥለን በ1 አባዝተን፣ አንድ ቦታ ወደ ግራ ገፍተን ጽፈን ስንደምር 322 ይወጣል። ፖሊኖሚያል ማባዛትም ይኸው ሥራ ነው፤ የሚቀረው መያዙ ብቻ ነው። ለጀማሪ ፈጽሞ አዲስ ትምህርት ሆኖ መቅረቡ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

በ10 ፈንታ ዋጋውን የማናውቀውን ሀ እናስገባ። 23 ሁለት አሥርና ሦስት ስለሆነ 2ሀ + 3 ይሆናል፤ 14 ደግሞ ሀ + 4። ሁለቱም ፖሊኖሚያሎች ናቸው፤ ብዜታቸውን (2ሀ + 3)(ሀ + 4) ብለን እንጽፋለን። ደንቡ አንድ ነው፦ በአንዱ ቅንፍ ያለ እያንዳንዱ ተርም በሌላው ቅንፍ ካለው ከእያንዳንዱ ጋር ይባዛል። 2ሀ² ፣ 8ሀ ፣ 3ሀ እና 12 እናገኛለን። ማቃለል የሚባለው ከዚህ በኋላ ነው። 8ሀ እና 3ሀ ፊደላቸውም አርቢያቸውም አንድ ስለሆነ ይደመራሉ፦

2ሀ² + 11ሀ + 12

2ሀ² ከ11ሀ ጋር አይደመርም፤ የመቶ ቤትና የአሥር ቤት እንደማይደባለቁ ሁሉ። 11ዱም እንዳለ ይቀመጣል። ሀ ስንት እንደሆነ ካላወቅን፣ ስንት ሲሞላ ወደ ቀጣዩ ቤት እንደሚሻገር በምን እናውቃለን? ሀ 10 ነው ካልን ግን 200 + 110 + 12፣ ያው 322።

ይህን ዝምድና ቀድመው ካዩት መካከል በ1000 ዓ.ም. ገደማ ባግዳድ ውስጥ የሠራው አል-ካራጂ አለ። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አል-ሳማዋል ለእያንዳንዱ ርቢ አንድ ዓምድ ሰጥቶ፣ በየዓምዱ ቁጥሮቹን ብቻ እየጻፈ ፖሊኖሚያል ያካፍል ነበር። አርቢውን አናት ላይ በትንሽ ቁጥር የመጻፍ ልማድ የተስፋፋው ከዴካርት የ1637 መጽሐፍ በኋላ ነው።

ተማሪን አዘውትሮ የሚጥለው (ሀ + 3)² ነው፤ ብዙዎች ሀ² + 9 ብለው ያልፋሉ። የተጠራጠረ በሀ ቦታ 1 ያስገባ፦ አንዱ 16፣ ሌላው 10 ይሰጣል። የተረሳው 6ሀ ነው። «የመጀመሪያ፣ የውጭ፣ የውስጥ፣ የመጨረሻ» የሚለውን ሽምደዳ ግን መድኃኒት አድርጌ አላየውም፤ ሁለት ተርም በሦስት ሲባዛ ብዜቶቹ ስድስት ይሆኑና ተሸምዳጁ ግራ ይገባዋል።

በ1960 ሞስኮ ላይ ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ኮልሞጎሮቭ ከተለመደው በእጅጉ የሚፈጥን የማባዣ ዘዴ አይኖርም የሚል ግምቱን በሴሚናር አቀረበ። አናቶሊ ካራትሱባ የተባለ የ23 ዓመት ተማሪ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ግምቱን አፈረሰው። አራቱን ብዜቶች ወደ ሦስት አወረዳቸው። በእኛ ምሳሌ 2 × 1 = 2፣ 3 × 4 = 12፣ ከዚያም (2 + 3) × (1 + 4) = 25። ከ25 ላይ 2ንና 12ን ስንቀንስ የመሐሉ 11 ይገኛል። በሁለት አኃዝ ትርፉ አይታወቅም፤ በሺህ የሚቆጠር አኃዝ ያላቸውን ቁጥሮች የሚያባዙ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ግን እስከ ዛሬ ይሠሩበታል።